ገለባ ላይ ነው የወደቀው

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከባሕር ማዶ፣ ከማቆያው

ለወንድሜ ለአምሐ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ላቆመኝ አምላክ ምስጋና ይግባውና እስካሁን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እቀልዳለሁ። እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ። እናትህን እትዬ ወለተጻድቅን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ኪዳንን ከመጽሐፉ ቀና አድርገህ አንድ ኩርኩም ከሰጠኸው በኋላ ሳምልኝ። ሰፈራችንን ሳንሱሲን ከነጭቃዋ፣ ከነታክሲ ሰልፏ ሰላም በልልኝ።

አትደንግጥ፣ አልሞትኩም። ጀልባው አሻግሮናል፤ የያዙን ከተሻገርን በኋላ ነው። ከክረምት ጀምሮ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነን። የወሎ ልጅ፣ የሐረር ልጅ፣ የአርሲ ሽማግሌ፣ የሌለ የለም። መስኮቱ ከላይ ነው፤ ሰማይ ያሳያል፣ መንገድ አያሳይም። መቼ እንደምንወጣ የሚነግረን የለም። ስልኬን ገና የገባን ዕለት ወሰዱት። ይህን የምትልክልህ ሌሊሴ የምትባል የሀገራችን ልጅ ናት፤ የክሊኒኩ ነርስ ናት። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ እሷ ፎቶ አንስታ ወደ ስልክህ ትልካለች። የምትመልሰውን ደግሞ አትማ ተረኛ በሆነች ቀን ታመጣልኛለች። መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ስትጽፍ አትቆጥብ። ብር ላክልኝ አልልህም፤ ብር ይህን በር አይከፍትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እዚህ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። አንድ ቀን አንድ የወሎ ልጅ እንደዚያ አፍጥጦ ሳለ ማልቀስ ጀመረ። ማንም ዝም ሊያሰኘው አልቻለም። ጨነቀኝና ተነሥቼ ጫማዬን እንደ ማይክ ያዝኩና፣ «ወገኖቼ! ይሄ ሰውዬ ቀጭን ነው ብላችሁ እንዳትንቁት!» አልኩ፤ ልክ አንተ በአብደላ ቪዲዮ ቤት እንደምትለው። ቡጢው ሲሰነዘር «ቋ!»፣ ሰውዬው ሲገለበጥ «ድፍት!»። የሚያለቅሰው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ጠፍቷል፤ «ተርጓሚ» ነው የሚሉኝ። አንድ ቃል ቻይንኛ ሳታውቅ ስንት ዓመት የካራቴ ፊልም እንደተረጎምክ ስነግራቸው አባ ነገሬ የሚባሉት የአርሲ ሽማግሌ፣ «እና ሰዎቹ ምን እንደሚሉ በምን አወቀ?» አሉኝ። «አላወቀም፤ ከእነሱ የተሻለ ነገር ነው የሚናገርላቸው» አልኳቸው።

ሕግህንም አስተምሬያቸዋለሁ። ደግ ሰው ከገደል፣ ከፎቅ፣ ከየትም ቢወረወር አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ገለባ ላይ!» ይላል። አምሐ በተረጎመው ፊልም ደግ ሰው አይሞትም፤ ሲወድቅ ገለባ ላይ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ብታየው!

ችግሩ «ባለበርጩማው» የሚለውን ፊልም ጀምሬላቸዋለሁ። እንደምታውቀው እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ መጨረሻውን ሳላይ ወጣሁ። አንተን ሳልሰናበት የወጣሁት ደግሞ «አትሂድ» እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለውን እየተረጎምክ ጻፍልኝ፤ በራስህ አፍ። አለበለዚያ እነዚህ ሰዎች ከጠባቂዎቹ በፊት ይጨርሱኛል።

ወንድምህ ሚሊዮን፣ ባለጫማ ማይኩ



ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳንሱሲ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ

ለእህቴ ለሌሊሴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አያውቁኝም፤ ኪዳን እባላለሁ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይህችን ማስታወሻ ለሚሊዮን እንዳያሳዩብኝ እለምንዎታለሁ።

ደብዳቤውን የላኩበት ስልክ የወንድሜ የአምሐ ነው። አምሐ በጥቅምት ዐርፏል። አርባውን አሁን ነው ያወጣነው። ስልኩን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ነን። ሚሊዮን የአጎታችን ልጅ ነው። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ከአምሐ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው ያደጉት።

ደብዳቤው ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የእድራችን ሽማግሌ ጋሽ ገብረአምላክ፣ «መርዶ የሚይዘው ሰው ለሌለው ሰው አይነገርም። ሲመለስ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩተን እኛው እንነግረዋለን» አሉ። የሚሊዮን እናት እትዬ ጥሩብርሃን ደግሞ ትከሻዬን ይዘው፣ «በሰው አገር፣ በእስር ቤት፣ ብቻውን አያልቅስብኝ» አሉኝ። እንግዲህ የምመልስለት እኔ ነኝ። ጋሽ ገብረአምላክ፣ «ሩቅ ሄዷል በል፤ ይሄ ውሸት አይደለም» ብለውኛል። እርስዎም ቢጠይቅዎ አላውቅም ይበሉልኝ። የማያውቁትን ሰው ሐዘን ስላሸከምኩዎ ይቅርታ።

ኪዳን



ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳንሱሲ

ለወንድሜ ለሚሊዮን፣

በሳንሱሲ ቆርቆሮ ቁጥር ልክ ሰላምታ ይድረስህ። ኩርኩሙ ደርሶኛል። ደብዳቤህን ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እናትህ፣ «ከስቷል?» ብለው ጠየቁኝ። «ወረቀት ላይ አይታይም» ስላቸው፣ «ካልታየማ ከስቷል ማለት ነው» አሉ። ደህና ናቸው። እናቴም ደህና ናት፣ ስማሃለች።

አምሐ ለሥራ ሩቅ ሄዷል። ለአንድ አዲስ ሆቴል በየክፍሉ ዲሽ እየገጠመ ነው። ስልኩን ለእኔ ትቶልኝ ስለሄደ ነው እኔ የምጽፍልህ። አልፎ አልፎ ከሰው ስልክ ይደውላል። ስለ ባለበርጩማው ጠይቄዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔ እነዚህን ፊልሞች እንደ ድሮው አልወዳቸውም። ልብ ብለህ አይተሃቸው ታውቃለህ? ሠላሳ ሰው አንዱን ከቦ ለምን ተራ ይጠብቃል? የቀበሌ ሰልፍ ይመስል አንዱ ተመትቶ እስኪወድቅ ሌላው ዳር ቆሞ ሰይፉን ያወዛውዛል። የቡጢው ድምፅ ከቡጢው ቀድሞ ይሰማል። ሰው በጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፣ ጠረጴዛው ብትንትን ይላል፣ ሰውዬው ይነሣል፤ ባለሱቁ ስለ ጠረጴዛው አንድ ቃል አይተነፍስም። የክፍሌ ልጅ መህዲ፣ «ፊልሙን የፊዚክስ አስተማሪያችን ቢያርሙት ከመቶ ሁለት ያገኛል፤ ሁለቱም ስሙን በትክክል ስለጻፈ ነው» ይላል። ድሮ ያስቀኝ ነበር። አሁን ሰው ወድቆ ሲነሣ ሳይ ያናድደኛል።

ይሁን፣ ቃል ቃል ነው። ባለበርጩማው ቆሜ ሰው አልመታም ብሎ ለመምህሩ ስለማለ ተቀምጦ ነው የሚደባደበው፤ ይህን ታውቃለህ። ድልድዩ ላይ እንግዲህ የባለወርቅ ጥርሱ ጭፍሮች ከሁለት በኩል ዘጉበት። «ወገኖቼ! ይሄ ድልድይ ከአስኮ አውቶቡስ የበለጠ ሰው ጭኗል፤ ረዳቱ ብቻ ነው የጎደለው!» ይላል አምሐ። ባለበርጩማው በርጩማውን መሐል ላይ አስቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣመረ። የመጀመሪያው መጣ፤ ቋ! ሁለተኛው፤ ቋ! ሦስተኛው ሲመጣ ሳይነሣ ከነበርጩማው ዘለለ፣ አየር ላይ ተገለበጠ፣ ተመልሶ እዚያው ተቀመጠ። አንዱ በርጩማውን ሊነጥቀው ሲሞክር ባለበርጩማው፣ «ወንድሜ፣ መቀመጫ ከፈለግህ ጠይቅ እንጂ» አለው። ይህቺ የአምሐ ናት፤ ቻይናው እንዲያ አላለም። በመጨረሻ ድልድዩ ተሰብሮ ሁሉም ወንዝ ገቡ፣ እሱ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ታንኳ ቀዘፈ።

ማዶ ሲደርስ ባለወርቅ ጥርሱ የባለበርጩማውን ታላቅ ወንድም ጣሪያ ላይ አስሮት አገኘው። ወንድምየው ከላይ፣ «አትምጣ!» ይለዋል። ባለበርጩማው ከታች ቀና ብሎ ያየዋል።

እዚህ ላይ ልቁም። የጣሪያውን አምሐ ሲደውል እጠይቀዋለሁ። በርታ።

ኪዳን



ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከማቆያው

ለታናሽ ወንድሜ ለኪዳን፣

ሰላምታዬ በሌሊሴ የነርስ ጋውን ኪስ ታጥፎ፣ ፍተሻውን አልፎ ይድረስህ። የጻፍከውን አነበብኩላቸው። ከነበርጩማው ሲዘል አንድ የሐረር ልጅ በደስታ ዘሎ ጭንቅላቱን ከመብራቱ ሽቦ ጋር አጋጨ። አባ ነገሬ በሕይወታቸው ፊልም አይተው አያውቁም። «ይህ ሰውዬ ምሳውን የሚበላው መቼ ነው?» አሉኝ። «በፊልም ምሳ የለም» ስላቸው፣ «እንደኛው ነዋ!» አሉና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ስለ ወቀሳህ። ትክክል ነህ፤ ከመቶ ሁለት ይበዛበታል። ግን ለምን ተራ እንደሚጠብቁ እኔ አሁን ገብቶኛል። ኪድዬ፣ እዚህ ረሃቡ፣ እከኩ፣ ናፍቆቱ፣ የጠባቂው ጩኸት፣ ነገ ምን ይመጣል ማለቱ፣ ሁሉም ባንዴ ነው የሚመጣብህ። ተራ የሚባል ነገር አያውቁም። እዚያ ግን ጠላት እንኳ ሰልፍ ይይዛል። አንዱን ትመታለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ሌላው ይመጣል። እንደዚያ ቢሆንማ ማን ይሸነፍ ነበር? ደግሞ በር አለ። በፊልም በር ካለ በእርግጫ ይመታል፣ ይወድቃል። በእርግጫው ጊዜ ሁላችንም የእኛን በር እናያለን። ጠባቂው በቀዳዳው አይቶን ምን እንደምናይ ግራ ገባው።

አንድ ነገር ግን እየበላኝ ነው። አምሐ ምን ሆኖብኛል? ከሰው ስልክ እየደወለ ለአንተ ፊልም ይተርካል፤ «ለሚሊዮን ሰላም በልልኝ» ብሎ አንዲት ቃል አያክልም? ሳልሰናበተው በመሄዴ ተቀይሞኝ ከሆነ አትደብቀኝ። ታስሮ መቀመጥ ይቻላል። የአምሐን ቂም ይዞ ታስሮ መቀመጥ ግን አልቻልኩም፤ ግድግዳውን ሳይ እሱኑ ነው የማየው። ይቅር በለኝ ብሎሃል በለው። ለእኔ መጻፍ ካልፈለገም ግድ የለም፤ የጣሪያውን ጠብ በእሱ አፍ፣ አንድም ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ድምፁን ከሰማሁ እንደታረቀኝ እቆጥረዋለሁ።

እናቴን፣ «አልከሳም» በልልኝ።

ሚሊዮን



የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳንሱሲ

ለእህቴ ለሌሊሴ፣

ይህችንም እንዳያሳዩት። ወንድሜ የተቀየመው መስሎታል። ዝም ብል ቂም ይሆንበታል፤ ብናገር መርዶ ይሆንበታል። ለጋሽ ገብረአምላክ ነገርኳቸው፤ «ቻል አድርገው ልጄ፣ አንተ አሁን የቤቱ ወንድ ነህ» አሉኝ። እናቴን እንዳልጠይቅ ከፍራሿ አልተነሣችም። ቤት ውስጥ ስለ ወንድሜ ብናገር እሷ ታለቅሳለች፣ ለሚሊዮን ስጽፍ በሕይወት አለ ማለት አለብኝ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቁር ሸሚዜን አይተው ልጆቹ ከእኔ ጋር መሳቅ ተዉ። ወረቀቱን ከፊቴ አስቀምጬ ብዙ ቀን ተቀመጥኩ። አሁን ያለውን ልኬያለሁ። ደግሜ አላነበብኩትም፤ ካነበብኩት አልልክም።

ኪዳን



የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳንሱሲ

ለወንድሜ ለሚሊዮን፣

ጤናህ ይብዛ፣ በር ይከፈትልህ። ፈተና ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ።

አምሐ አልተቀየመህም። ይህን በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ። የሄድክ ዕለት ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ «ብነግረውም አይሰማኝም ነበር፤ ደግ አደረገ» ነው ያለው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

የጣሪያው እንዲህ ነው።

«ወገኖቼ! አንገታችሁን ቀና አድርጉ! ይሄ ጣሪያ የተሠራው ለእርግብ ነው፣ ዛሬ ግን ሁለት ጎረምሳ ተከራይቶታል!» ባለወርቅ ጥርሱ ሰይፉን መዘዘ። ታላቅ ወንድምየው እጁ ታስሯል፣ ስለዚህ በእግሩ ነው የሚገጥመው። ቋ! አንድ ሰድር ተነቀለ። ቋ! ሌላ። ባለበርጩማው ከታች በርጩማውን ወረወረለት፣ ወንድምየው በአንድ እግሩ ቀለበው፣ ባለወርቅ ጥርሱን ጥርሱ ላይ መታው፣ ወርቁ እየበረረ ሄዶ የአንዲት አሮጊት ሾርባ ውስጥ ገባ። «እናታችን፣ ሾርባው ዛሬ ተወደደ!» አላት።

ከዚያ ወንድምየው ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ጣሪያው ከፍ ያለ አይደለም። ሰው ወድቆ ልብሱን አራግፎ የሚነሣበት ዓይነት ነው። ስንቱን ከፍታ ወጥቶ የወረደ ሰው ነው፤ ያንን ጣሪያ ከቁም ነገርም አይቆጥረውም ነበር። ጠዋት ነበር። ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ነበረበት። እግሩ አዳለጠው። በፊልም ሰው ሲወድቅ ይጮኻል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ሦስት ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ያሳዩታል። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። አየሁት ያለ ሰው እንኳ የለም። ድምፁን የሰሙት ዕቃ የወደቀ መስሏቸው ነበር። «ተነሥ» አሉት። ውሃ አፈሰሱበት። በፊልም የሚሞት ሰው ብዙ ያወራል፤ አደራ ይሰጣል፣ ጠላቱን ይናገራል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ነው አንገቱ ዘንበል የሚለው። ይሄ ምንም አላለም። ማንም አልመታውም፤ ማንን ተበቀል ይባላል? አልተነሣም።

ከዚያ ባለበርጩማው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበርጩማው ተነሥቶ ባለወርቅ ጥርሱን ደበደበው። ፊልሙ እዚህ ላይ አለቀ።

ኪዳን



የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከማቆያው

ለወንድሜ ለኪዳን፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። እግዚአብሔር ያጽናን።

ሌሊሴን እንዳትጠረጥራት፤ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ሳላነበው ነው የተነሣሁት። ፍቅርህ ይብዛ፣ ድምፁን ከእነሱ ጋር አብሬ ልስማው ብዬ። ሁሉም ተሰብስበው ተቀመጡ፤ አባ ነገሬን ከፊት አስቀመጥናቸው። ጫማዬን ያዝኩ። ወርቅ ጥርሱ ሾርባ ውስጥ ሲገባ አዳራሹ ተንጫጫ። እኔም በልቤ «ታረቀኝ» አልኩ፤ እሱ ነው፣ አምሐ ነው፣ ሌላ ማንም እንዲህ አይልም። ቀጠልኩ። ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። እግሩ አዳለጠው። ይህን ስል ሁሉም እጃቸውን አንስተው፣ እንዳስተማርኳቸው፣ «ገለባ ላይ!» ብለው ጮኹ።

ወረቀቱን አየሁት። ገለባ የለም። ገለበጥኩት። የለም። እነሱ ደግመው «ገለባ ላይ!» አሉ፣ እየሳቁ፤ የረሳሁ መሰላቸው። እኔ ቆርቆሮ የሚለውን ነበር የማየው። ቻይናዎቹ ጣሪያ ላይ ከየት የመጣ ቆርቆሮ ነው? ከዚያ ጤዛው። ከዚያ ስንቱን ከፍታ ወጥቶ የወረደ ሰው። ሰው ስልኩን ትቶ ለሥራ እንደማይሄድ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

«ተርጓሚ፣ ቀጥላ!» አለኝ የሐረሩ ልጅ። አባ ነገሬ እጁን ያዙት። «ተው። ይሄ ፊልም አይደለም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ የወደቀው ማነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ሰው ከግራ ከቀኝ ይዞኝ ነበር። ብርድ ልብሶቻቸውን ደራርበው አነጠፉልኝ። የየራሳቸውን ዳቦ አምጥተው ፊቴ አኖሩ። አንድም ቀን ያላነጋገረኝ ሰው መጥቶ አጠገቤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሄደ። አባ ነገሬ በኦሮምኛ መረቁ፣ የሐረሩ ልጅ በራሱ ሃይማኖት ጸለየለት፣ የወሎው ልጅ ያንን የማውቀውን ልቅሶውን አለቀሰልኝ። ሦስት ቀን አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። ስለዚህ «መርዶ የሚይዘው ሰው ለሌለው አይነገርም» ማለት ለሚወዱት ለጋሽ ገብረአምላክ ንገርልኝ፤ የሚይዘኝ ሰው ነበረ።

ኪድዬ፣ አንተ አልነገርከኝም። አንተ የታዘዝከውን አድርገሃል። ገለባውን መጻፍ ነው ያቃተህ። እኔም ብሆን ያቅተኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን የወሎው ልጅ ቀስ ብሎ መጥቶ፣ «ተርጓሚ፣ እና ባለበርጩማው ወንድሙን ቀበረው?» አለኝ። እስከ ዛሬም አልመለስኩለትም፤ በየቀኑ ያየኛል።

አሁን ፊልሙን ተወውና የትኛው ጣሪያ እንደሆነ ንገረኝ።

ሚሊዮን



መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሳንሱሲ

ለወንድሜ ለሚሊዮን፣

ደብዳቤህን ብቻዬን አነበብኩትና ወደ ጋሽ ገብረአምላክ ይዤው ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ተቆጡም። «ሩቅ ሄዷል በል አላልኩህም?» አሉኝ። «ብያለሁ ጋሼ፤ ከዚያ ግን ጣሪያ መጣ» አልኳቸው። እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ብርድ ልብሱ ጋ ስደርስ አስቆሙኝና፣ «አነጠፉለት?» አሉ። «አነጠፉለት።» ደግሞ፣ «ዳቦም አመጡ ነው ያልከው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ።» ኮታቸውን ለበሱ። «እንግዲያስ ሰው አለው» ብለው ተነሡና እናትህ ዘንድ ሄደው ራሳቸው ነገሯቸው። እናትህ አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ግን እንደ ተለቀቀ ሰው ነበር። ጎረቤቱ እንደገና መጣ። በአንተ ስም ተቀመጥን።

ጣሪያው የአብደላ ነው። የቪዲዮ ቤቱ። ነፋስ ዲሹን አዙሮበት ለማታው ኳስ እንዲያስተካክልለት ለመነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የጻፍኩልህ ሁሉ አብደላ የነገረኝ ነው። ፎቅ ላይ እየወጣ ሲሠራ የኖረ ልጅ፣ እኔና አንተ ለጨዋታ የምንዘልላት ጣሪያ! እኔን ከዚያ ወዲህ የሚያንቀኝ ይሄ ነው። ትልቅ ነገር ቢሆን፣ ጠላት ቢኖረው፣ ባለወርቅ ጥርስ የሚባል ሰው ቢኖር ሄጄ እመታው ነበር። ጤዛን ማን ይመታል?

ያልነገርኩህ ሌላም አለ። አብደላ የአምሐን ትርጉም በፍላሽ ቀድቶት ነበር። የሐዘኑ ሰሞን ዘጋ፤ ከዚያ ልጆቹ እያንኳኩ አስቸገሩትና ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈተ። በእኛ ቤትና በቪዲዮ ቤቱ መሐል ያለው ያቺ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ናት። እኛ ቴሌቪዥናችንን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን፣ ጨርቅ አልብሰን ተቀምጠን፣ በአጥሩ ማዶ የአምሐ ድምፅ፣ «ወገኖቼ!» ይላል። መውጫ የለኝም፤ ብወጣ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው ያዩኛል፣ ብቀመጥ ይሄው። መጽሐፍ ዘርግቼ ጆሮዬን እደፍናለሁ።

አብደላ አፍሮ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ወለተጻድቅ፣ ካሉኝ ፍላሹን እዚሁ ፊትዎ እሰብረዋለሁ» አላት። እናቴ ከፍራሿ ቀና ሳትል፣ «አትስበረው። ድምፁን ከፍ አድርገው» አለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍራሿን ጎትታ አጥሩ ካለበት ግድግዳ ጋር አስጠጋችው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው የምትቀመጠው።

ባለፈው ቅዳሜ ባለበርጩማውን ከፈተ። እኔ ጣሪያው ሲቃረብ ልወጣ ተነሣሁ፤ እናቴ በእጇ፣ «ተቀመጥ» አለችኝ። ቋ አለ፣ ድፍት አለ፣ ሾርባው ተወደደ። ከዚያ የቪዲዮ ቤቱ ሕፃን ሁሉ፣ «ገለባ ላይ!» ብሎ ጮኸ፤ አምሐም ከላይ፣ «ገለባ ላይ ነው የወደቀው! አይዟችሁ፣ አለ!» አለ።

እናቴ እነዚህን ፊልሞች አንድም ቀን አይታ አታውቅም። «ከጣሪያ ነው የወደቀው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከፍ ይላል?»

«ከአብደላ ጣሪያ አሥር እጥፍ ይሆናል።»

«እና ተነሣ?»

«ተነሣ።»

«ሰዎቹ በከተማ መሐል ገለባ ምን ሊያደርግላቸው አስቀመጡ?»

«እነሱ አላስቀመጡም እማ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው፤ ልጁም አይነሣም። ገለባውን ያመጣው አምሐ ነው።»

ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። በማዶ ባለበርጩማው ከበርጩማው ተነሥቶ መደባደብ ጀምሯል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እስኪያልቅ መዳፏን ከዚያ አላነሣችም። ካለቀ በኋላ ዞራ አየችኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላት፤ ከሁሉ ያቺን «ቀበረው?» የምትለዋን ጥያቄ አልረሳችም።

«ለሚሊዮን ቶሎ ጻፍለት» አለችኝ። «ያ የወሎ ልጅ እየጠበቀ ነው።»

ወንድምህ ኪዳን